አዲሱ ፊልም ለምን ጨለመ

የዘንድሮ የጠፈር ፊልም ሠሪዎች አምፖል የሚገዙት ከገዛ ደመወዛቸው ነው መሰለኝ። ሁለት መቶ ሰው ጭኖ ከኮከብ ኮከብ የሚዘል መርከብ ይሠሩና ኮሪደሩ ላይ አንድ መብራት ማብራት ያቅታቸዋል። ካፒቴኑ በጨለማ ይመጣል፤ በጨለማ ይቆጣል፤ በጨለማ ይሞታል። ማን እንደሞተ የማውቀው በሚቀጥለው ሳምንት የቀሩትን አይቼ ነው። ምግብ ቤቶቹም ያው ናቸው። ግድግዳው ጥቁር፣ ሳህኑ ጥቁር፣ የአስተናጋጁ ልብስ ጥቁር፤ የምትበላውን ለማየት የስልክህን መብራት ታበራለህ። ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ ለሰማኝም ላልሰማኝም ስናገር ነበር። ከሁሉ አብልጬ የነገርኩት ለኑዕማን ነው፤ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

እኔ አምባቸው እባላለሁ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ አሜሪካ፣ አትላንታ ዳር ስማይርና እኖራለሁ፤ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል እነዳለሁ። ኑዕማን የኮምቦልቻ ሰው ነው። አትላንታ የገባነው በአንድ ክረምት ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነን። ኤርፖርት ሻንጣ ስንጭን ተዋወቅንና አንድ መኝታ ቤት ያላት አፓርታማ በጋራ ተከራየን። እሱ የሌሊት ፈረቃ፣ እኔ የቀን ስለነበርን አልጋው አንድ ቢሆንም አልተጣላንበትም። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ጀርባው እንደ ሳጥን የወጣ ቴሌቪዥን ትቶልን ሄዷል። ሦስት ጣቢያ ብቻ ነበር የሚይዘው። ከሦስቱ በአንዱ፣ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ላይ፣ የቆየ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ይመጣ ነበር።

ያ ፊልም ብርሃን ነበረው። መርከቡ ውስጡ እንደ አዲስ ክሊኒክ ያበራል፤ ግድግዳው ካርቶን መሆኑ እስኪያስታውቅ ድረስ ሁሉ ነገር ወለል ብሎ ይታያል። እንግሊዝኛው ስለማይገባን ለሰዎቹ የራሳችንን ስም አወጣንላቸው። ካፒቴኑ ሻምበል ነበር። ጆሮ የሌለው ሐኪም ደግሞ የሰፈሬን ድሬሰር ቁርጥ ስለሚመስል ጋሽ ገብረሕይወት ተባለ። የሚነጋገሩትን ኑዕማን ከሆዱ እየፈጠረ ይተረጉምልኛል። በእሱ ትርጉም የጠፈር ሰዎች ሁሉ የሚጣሉት በመሬት ወሰን ነበር። እኔም ሙግቱን ተከትዬ እፈርዳለሁ፤ ፍርዴን ካልወደደው የሚቀጥለውን ክፍል አጣሞ ይተረጉምና የፈረድኩለትን ሰው እስር ቤት ይከትብኛል። በኋላ እንግሊዝኛ ስንለምድ ፊልሙን እንደገና አየነው። የኑዕማን ይሻል ነበር። ወገባችን በሻንጣ ተቆርጦ፣ ወለል ላይ ተዘርግተን የምንስቀው ያ ሳቅ አሁንም ይናፍቀኛል።

ማክሰኞ ሁለታችንም እረፍት ነበርን። ከፊልሙ በፊት ብራያርክሊፍ መንገድ ወጥተን ምሳ እንበላለን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለ ሥጋው ነገር እንዳይነሳ ሁልጊዜ የጾም በያይነቱ ነበር የምናዘው። አንድ ትሪ ላይ አብሮ መብላቱ ከሥጋው ይበልጥብን ነበር። በኋላ ዓሊያ የምትባል የደሴ ሴት ምግብ ቤት ከፈተችና ሐላል ጥብስ መብላት ጀመርን። የእስላም ሥጋ በላህ የሚለኝ ቢመጣ ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ብዙ ጊዜ ጠበቅኩ፤ ማንም አልመጣም። ጥብሱ ሲቀርብ ደግሞ የራሳችን ፍልሚያ ነበረን። እሱ ለስላሳውን ቁራጭ መርጦ ወደ እኔ ይገፋል፤ እኔ ወሬ አስይዤ መልሼ ወደ እሱ እገፋለሁ። በመጨረሻ አንዳችን እንሸነፍና እንበላዋለን። የተገፋልህን ቁራጭ ትተህ እጅህን መታጠብ በእኛ መካከል ከስድብ የሚቆጠር ነበር።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። ኑዕማን ዘሃራን አገባ፤ ልጆች ወለዱ፤ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ኬኔሶ ቤት ገዙ። የራሱን መኪና ይዞ ከኤርፖርት መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ፤ ልጆቹንም በዚሁ ሥራ ኮሌጅ አስገባ። እኔ አገባሁ፣ ፈታሁ፤ ሚካኤላ የምትባል ልጅ ቀረችልኝ። ማክሰኞ ግን አልተነካም። የድሮውን ፊልም ጨርሰን፣ ደግመን፣ ሰልሰን፣ ሌላ ሌላውንም አየን።

ባለፈው ዓመት ሚካኤላ ደውላ፣ ያ የድሮ መርከብ በአዲስ ሰዎች እንደገና ተሠርቶ ሊመጣ ነው አለችኝ። ለኑዕማን ስነግረው እንደ ልጅ ነበር የተደሰተው። የመጀመሪያው ክፍል በወጣበት ማክሰኞ ከዓሊያ ቤት ሽሮና ጥብስ አስጠቅልለን እኔ ቤት ገባን። ሶፋው ላይ እንደ ልማዳችን ተቀመጥን፤ እሱ ከቀኝ፣ እኔ ከግራው። ፊልሙ ጀመረ። መርከቡ ታየ፤ ማለቴ፣ ጥቁር ነገር በጥቁር ሰማይ ላይ ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ኑዕማን፣ “አምባቸው፣ ይሄ ነገር አልጨለመብህም?” አለኝ።

“ከሰል ማውጫ ውስጥ ገብተው ነው እንዴ የቀረጹት” አልኩት።

ሳቀ። ትንሽ እፎይ እንደማለትም አለ፤ እኔ ግን ሳቁን ብቻ ነበር ያየሁት። ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ይጠይቀኝ ጀመር። ይጨልማል አይደል ይለኛል፤ እኔም ካለፈው ሳምንት የባሰ መልስ እፈልግለታለሁ። እውነቱን ለመናገር ፊልሙ መጨለሙ አይካድም፤ የሚካኤላ ጓደኞች እንኳ ያማርራሉ። ግን የሚታየው ይታያል። እኔ የካፒቴኑን ፊት፣ የሴትዮዋን እጅ፣ ጥግ ላይ ተሸሽጎ የቆመውን ሰውዬ አያለሁ። ኑዕማን ጥግ ላይ ማን እንደቆመ ሲጠይቀኝ ግን፣ በዚህ ጨለማ ማን ያየዋል ብዬ እመልስለታለሁ። ማማረር ደስ ይለኛል፤ አብሮኝ የሚያማርር ሳገኝ ደግሞ ይብስብኛል። የቴሌቪዥኑን ብራይትነስ እስከ መጨረሻ ከፍ አደረግኩለት። ተሻለ አለኝ፤ በሳምንቱ ያንኑ ጠየቀኝ።

በጸደይ የመኪናው የግራ መስታወት በፕላስተር ታስሮ መጣ። ፓርክ ሲያደርግ ከምሰሶ ጋር ተላትሞ ነው። የዘንድሮ ፓርኪንግ ጠበበ አለኝ። እኔ ምን አልኩ? የኬኔሶ ፓርኪንግ ለብስክሌት ነው የተሠራው አልኩት። እንዲህ ያለ ወዳጅ ነበርኩ።

በሰኔ ሚካኤላ ሥራዋ ላይ እድገት አገኘችና ሁለታችንንም እራት ጋበዘችን። ናትናኤል የሚባል እዚሁ ያደገ ልጅ የከፈተው፣ ወረፋ የሚያዝበት አዲስ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ምኑም የሐበሻ አይመስልም። ሜኑው በስልክ ነው የሚነበበው፤ ጠረጴዛው ላይ ፍሬ የምታክል ሻማ አለች፤ ሌላው ድንግዝግዝ ነው። ኑዕማን ሲገባ ወንበር መታ፤ ሲቀመጥ የሚካኤላን ውኃ ደፋ። ይቅርታ ብሎ ሳቀና “አምባቸው የሚበላውን እበላለሁ” አለ። ሚካኤላ ሥጋው ሐላል መሆኑን ጠይቃ አረጋገጠችልን፤ የበግ ጥብስ አዘዝን።

ጥብሱ መጣ። እኔ እንደ ደንባችን ጥሩ ጥሩውን መርጬ ወደ ኑዕማን ገፋሁ። ከግራው ስለተቀመጥኩ ቁራጮቹን በእሱ ግራ በኩል ነው ያስቀመጥኩት። አልነካቸውም። ጨመርኩ፤ አልነካም። ከፊት ለፊቱና ከቀኙ ብቻ እየቆረሰ ይበላል፤ እያወራ ይስቃል። ትሪው ሊነሳ ሲል አራት የሚያማምሩ ቁራጮች እንደተገፉ ቀርተው አየኋቸው። ሆድ ባሰኝ። ሥጋውን ተጠራጥሮ ነው አልኩ። ልጄ አፍ አውጥታ ሐላል ነው እያለችው፣ እኔ ሃያ ዓመት አብሬው በልቼ፣ ክፉ ሥጋ የማበላው መሰለው አልኩ። ተነስቼ እጄን ታጠብኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ማክሰኞዎች አልጣፈጡም። እኔ ቤት በሚበላውም እንደዚያው ሆነ፤ አንዳንዱን የገፋሁለትን ይበላል፣ አንዳንዱን እንዳላየ ያልፋል። እኔም አኩርፌ መግፋቱን ተውኩ። እሱ ማኩረፌን አላወቀም፤ ወይም አውቆ ምክንያቱ ጠፋበት። ፊልሙን እናያለን፣ ይጨልማል አይደል ይለኛል፣ አዎ እለዋለሁ። አጭር መልስ ሆነ። ሚካኤላ ስትደውል ሳልወድ ነገርኳት። “ዳድ፣ ላይክ፣ ለምን አትጠይቀውም?” አለችኝ። ይህን የመሰለ ነገር ለወዳጅ የሚጠየቅ አይደለም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ባለፈው መስከረም ግን ቆረጥኩ። የዓሊያ ቤት ወስጄ ልፈትነው አሰብኩ። የዓሊያን ሥጋ ኑዕማን አይጠራጠርም፤ አራጁን እንኳ በስም ያውቀዋል። እዚያም ከተወው ነገሩ ከሥጋው ሳይሆን ከእኔ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ብዬ አሰላሁ። ምሳ ሰዓት ላይ በየራሳችን መኪና ሄደን መስኮት ጋ ተቀመጥን። ፀሐይ ትሪው ላይ ታርፋለች፤ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። ዓሊያ ራሷ አምጥታ አስቀመጠችና ለኑዕማን የዘሃራን ደህንነት ጠይቃ ሄደች። እኔ ከጥብሱ መሃል ስብ የነካውን፣ እሱ የሚወደውን፣ አምስት ቁራጭ መርጬ በግራው በኩል ደረደርኩለት። ከዚያ መብላቴን ትቼ አየሁት። በላ። ከፊቱ በላ፣ ከቀኙ በላ። አምስቱ ቁራጮች በግራው ቁጭ አሉ። ውኃውን ጠጣና እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

“ኑዕማን፣ ተቀመጥ” አልኩት። “ከእኔ ጋር መብላት ካስጠላህ ፊት ለፊት ንገረኝ። የዓሊያንም ሥጋ ተጠራጠርክ?”

ግራ ተጋብቶ አየኝ። “የቱን ሥጋ?” አለኝ።

ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን አላሾፈም። ወደ ትሪው ጎንበስ አለ፤ ፊት ለፊቱን አየ፤ ቀኙን አየ። ምንም የለም እኮ አለኝ። አምስቱ ቁራጮች ከእጁ አንድ ስንዝር አይርቁም።  ትሪውን ይዤ በቀስታ አዞርኩት። ቁራጮቹ ከግራው ወደ ፊት ለፊቱ ሲመጡ ኑዕማን ደነገጠ።

“ይሄ ከየት መጣ?” አለ።

እጄን በግራው በኩል ዘርግቼ፣ ጣቶቼን እያንቀሳቀስኩ ቀስ በቀስ ወደ ፊቱ አመጣሁ። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ እያየህ እጄ ሲታይህ ንገረኝ አልኩት። እጄ አፍንጫው አጠገብ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ያኔ ነው አየሁት ያለኝ። በቀኙም ሞከርኩ፤ ያኛው ይሻላል፣ ግን እሱም ልክ አይደለም።  የሰኔው ውኃ፣ የተመታው ወንበር፣ በፕላስተር የታሰረው መስታወት አንድ በአንድ መጡብኝ። ሥጋውን አልተጠራጠረም። እኔን አልጠላኝም። አላየውም፤ በቃ።

የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ አልኩት።

ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ላይ ከኤርፖርት የማነሳው ሰው አለኝ አለ። ሌላ ሰው ያንሳው አልኩት። ቤቴም ልጆቼም በዚህ መኪና ነው የቆሙት አለ፤ ድምፁ ተቆጣ፤ ወዲያው ደግሞ ቁጣው ጠፋ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ውስጥ ይዞ ቆየ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ እየገፋች ከግራ በኩል መንገድ ስትሻገር፣ ጩኸቷን ሰምቶ ነው ፍሬን የረገጠው። ከመሬት የበቀለች ነው የመሰለችው። ጎማው ከጋሪው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ለዘሃራ አልነገራትም፤ ለእኔም አልነገረኝም፤ መንገዱ ዛፍ በዝቶበት ጨልሞ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ይህን ተናግሮ ሲጨርስ ቁልፉን ትሪው አጠገብ አስቀመጠው።

በዚያው ቀን ኬኔሶ አድርሼው ለዘሃራ አብረን ነገርናት። ስታለቅስ አላየኋትም፤ ስልክ አንስታ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስያዘች። ሐሙስ እኔ ወሰድኩት። ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ መሣሪያ ውስጥ ፊቱን አስገቡትና በእጁ የምትጫን በተን አስያዙት። ትንንሽ መብራት በየቦታው ብልጭ ይላል፤ ባየህ ቁጥር ትጫናለህ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ የበተኑን ድምፅ እጠብቃለሁ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ባለሙያዋን አልተጀመረም እንዴ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳት። ግማሹ አልቋል አለችኝ። ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ግላኮማ ነው አለችን ሐኪሟ። ሳያምም፣ ሳይቀላ፣ እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል፤ የኑዕማን የግራው ዓይን ብሷል። የሄደው አይመለስም። የቀረው ግን ጠብታውን በየቀኑ ካደረገ ሊቆይለት ይችላል። መኪና መንዳት ክልክል ነው። መቼ ነው የጀመረህ፣ ምልክት አላየህም ወይ ብላ ጠየቀችው። ኑዕማን ፊልም ይጨልምብኝ ነበር አላት። ያኔ መጥተህ ቢሆን ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ያልጨረሰችውን እኔ ጨረስኩት፤ ዓመት ሙሉ ነው።

ስንመለስ ሀይዌዩ ተጨናንቋል። ኑዕማን ከጎኔ ተቀምጦ የጠብታዋን ሳጥን ያገላብጣል። ይቅርታ ልለው አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንተ ግን ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጀመርኩ፤ የጥፋተኛ ሰው ጥያቄ መሆኑ ለራሴም ይሰማኛል።

“ነገርኩህ እኮ” አለኝ። “በየማክሰኞው ነገርኩህ። ስለ ፊልሙ መሰለህ እንዴ የጠየቅኩህ? ፈርቼ ነው። አንተም ይጨልማል ስትለኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም ብዬ ሄጄ እተኛ ነበር።”

“ይታየኝ ነበር፣ ኑዕማን” አልኩት። ከዓመት በኋላ እውነቱ ከአፌ ወጣ። “ጥግ ላይ የሚቆመውም ሰውዬ ይታየኝ ነበር። ለጨዋታ ብዬ ነው።”

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መንገዱን ፊት ለፊት እያየ፣ ሶፋው ላይ ስንቀመጥ አንተ ከግራዬ ነበርክ፤ ካልዞርኩ አልነበርክም፤ አሁንም የለህም አለኝ። ድምፅህን እየሰማሁ ነው የምገምትህ አለ። እንባዬ ወረደ። አብሽር አለኝ፣ አጽናኙ እሱ ሆኖ።

ወደ ኬኔሶ ስንወጣ ገለል አድርጌ አቆምኩ። ዘሃራና ልጆቹ ቤት እየጠበቁ ነው፤ ከመግባታችን በፊት ፊቴን ልጠርግ ብዬ ነው። ኑዕማን ወገቡን ሁሉ አዙሮ ሙሉ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም።

“አምባቸው፣ ሐኪሟ ያለችውን ሰምቻለሁ። ካንተ ነው የምፈልገው” አለኝ። “ከዚህ በኋላ መኪና እነዳለሁ?”

ቀልድ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ሐኪሞች ያጋንናሉ የሚለው፣ ጠብታው ይሠራ ይሆናል የሚለው፣ ለሰፈር ውስጥ ምን አለው የሚለውም መጥቶ ነበር። ዓይኑ ፊቴ ላይ እንደተተከለ ነው።

“አትነዳም” አልኩት።